ብያኔ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሰንሰለት ስጎትት፣ ችካል ስቸክል ኖርኩ፣
የጃሙናን ዳርቻ በክንዴ ለካሁ፣ በቀለሜ አሰርኩ።
ዛሬ ጡረታ ወጥቼ፣
ሲራጅጋንጅ ላይ፣ በረንዳዬ ተጎልቼ፣
የለካሁት ሁሉ ከልቤ ጠፍቶ፣
አንድ ቃል ብቻ ነው ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ መጥቶ፦
«መቼ?» የሚል።

በደረቁ ወር ነው።
ወንዙ መሃል ወዳበጠች የአሸዋ ደሴት በታንኳ ተሻገርኩ፣
መዝገቤን በብብቴ፣ እርሳሴን ከጆሮዬ ኋላ እንደሸጎጥኩ።
መዝገቡ ሁለት ዓምድ አለው፦ «መሬት» እና «ወንዝ»።
ሦስተኛ ዓምድ የለም፤
መሥሪያ ቤታችንም ሦስተኛ ነገር አያውቅም።

ኮሂኑር ቤገም ኦቾሎኒ ማሳዋ ውስጥ አጎንብሳ ነበረች።
ከኋላዋ ቆርቆሮ ቤት፣
ምስማሩ ሁሉ ግማሽ መንገድ ላይ የቀረ፣
እንጨቱ ላይ እንደ እሾህ የተገተረ።
ባለሙያ ጠፍቶ መሰለኝ። ኋላ ነው የገባኝ፤
የሚነቀል ምስማር እስከ አንገቱ አይመታም።

«እናት፣ ይሄ የቆምሽበት
ወንዝ ነው ወይስ መሬት?»
ቀና አለች፤ አፈሩን ከጣቶቿ አራገፈች፤
«መቼ?» አለች።

አላሾፈችም። ገበያ የሚሄድ ሰው ቀኑን እንደሚጠይቅ
ነው የጠየቀችኝ፣ ቁርጡን ለማወቅ።
«ዛሬ» አልኳት፣ መልስ አጥቼ።
«ዛሬማ እግርህን ጠይቀው» ብላ ወደ አረሟ ተመለሰች።

ጻፍኩ፦ መሬት። ከነስፋቱ፣ ከነአዋሳኙ፤
በሰሜን የሞክሌስ ማሳ፣ በደቡብ ሣር፣
በምሥራቅ የታንኳ ማሰሪያው፣ በምዕራብ ባዶ።
ማኅተሙን መታሁና አወቅሁት አልኩ፤
የሰው በር ከውጭ ቆልፌ
ጓዳውን ያየሁት መሰለኝ፣ ሄድኩ ቁልፉን ታቅፌ።

ክረምት ገባ። ወንዙ መጣ፤ መዝገብ መች አነበበ፣
ዳሩን በሌሊት እየገመጠ ወደ ቤቷ ቀረበ።
ኮሂኑር ምስማሯን ነቀለች፣ ቆርቆሮዋን ደረበች፣
ፍየሏን፣ ሳጥኗን፣ ዓይነ ስውር አማቷን ታንኳ ላይ ጭና ሄደች።
ሰባተኛ ጊዜዋ ነው።
የእኔ «መሬት» ግን እዚያው ነበር፣ ከውሃው በታች፤
ዓሣ በላዩ ያልፋል፣
ግብሩም በየዓመቱ ይቆጠራል።
ልጇ ሻሂዱል ደረሰኙን ይዞ ቢሮዬ መጣ፦
«ጌታዬ፣ ለዓሣው ነው እንዴ የምንገብረው?»

ሰረዝኩ። «ወንዝ» ብዬ በቀይ በየንኩ፣
ያን ሌሊት ደህና ተኛሁ።

በአራተኛው ዓመት ወንዙ ጎኑን አዞረ፣
ደለሉ ጀርባውን አወጣ፣ ሣሩ ነጭ አበባውን ቋጠረ።
ኮሂኑር ዘሯን ይዛ መጣች።
የጽሕፈት ቤቱ ልጅ፣ ገና ጢም ያላበቀለ፣
መዝገቤን ገለጥ አድርጎ፣ «ወንዝ ላይ ኦቾሎኒ አይዘራም» አለ።
ያ የተመሰገነ የእጅ ጽሑፌ ነው በሩን የዘጋባት።

ፍቺ ይባል የለ ሥራዬ? እኔ ግን ጋብቻ መስሎኝ፣
ቃልና ነገርን አንድ ጎጆ አስገባሁ ስል
በፈታሁ ቁጥር ተለያዩ፤
ቃሉ መዝገቤ ውስጥ ቀረ፣
ነገሩ ውሃውን ተከትሎ ተሻገረ።

ስም አያሻም አልልም፤
ስሙን ሳይጠራ ልጁን ከጎርፍ ማን ያወጣል?
ልጅ ግን ሲጠሩት ዞር ይላል።
ያ ማሳ አንድም ቀን ዞር ብሎ አይቶኝ አያውቅም።

ጡረታዬ ሳምንት ሲቀረው ፈልጌ አገኘኋት፣
ዘጠነኛ ቤቷ ውስጥ።
ይቅርታ ልላት ነበር፤ ስለ ዝናቡ አወራሁ።
የብረት ሳጥኗን ከፈተች፣
ያን የመጀመሪያውን ወረቀት አወጣች።
«መሬት» ይላል፤ ማኅተሙ ደብዝዟል፣
እንደ ቀንድ ተጠቅልሎ ዘር ታጭቆበታል።
«ጥሩ ወረቀት ነው» አለችኝ፣ አፉን መልሳ እያጠፈች፤
«እርጥበት አያስገባም።»