ቁልፍ ያዡ

ጦሳ ጭጋግ ለብሶ፣ ደሴ ሳትነቃ፣
ይሰማ ነበረ የይማም ቁልፍ፣ ቃ… ቃ… ቃ።

አሥራ አንድ እግር ብረት፣ ለአሥራ አንድ አልጋ፤
ሁሉን በየስሙ ጠርቶ፣ «እንዴት ነጋ?»

ሐኪሙ በወር አንዴ ቢመጣ ቢቀር፣
ብረቱ እንዳይበላቸው፣ ከቁርጭምጭሚት ሥር
የሚስቱን አሮጌ ነጠላ ቀዶ
የሚጠቀልል እሱ ነበር።

አንድ ቀን ዘነቡ፣ እግሯን ስትሰጠው፣
«አንተስ መቼ ትፈታለህ?» አለችው።
«በሃምሳ አምስት ዓመቴ» አለና ሳቀ።
እሷ አልሳቀችም። ጨርቁ አለቀ።

ዛሬ ጡረተኛ ነው። ብረቱ በክኒን ተተክቷል።
ይማም ግን ሌሊት ተነሥቶ ልጆቹን ይቆጥራል፤
ሦስት ናቸው።
እሱ አሥራ አንድ ይደርሳል።

ሚስቱ ትሰማለች፣ ዝም ትላለች፤
ማታ ማታ በሩን ሳትቆልፍ ትተኛለች።