የሲባጎው ልክ

ቅዳሜ ማለዳ፣ ቶሳ ጉሙን ገና ሳይገፍ ከራሱ፣
ይማም በራችን ላይ ቆሟል፣ ሲባጎ ነክሶ በጥርሱ።
ከቀኝ ምሰሶ እስከ ግራ ወጥሮ ቋጠሮ አሰረ፣
ኪሱ ከተተና ሲባጎውን፣ ምንም እንዳልሠራ ዞረ።
በመስኮት ነበር ያየሁት። አልጠየቅሁም። ምን ልጠይቅ?
ሰው የመኪና ፍቅር ሲይዘው፣ በር ሲለካ ነው የሚታወቅ።

መኪናዋ ኮምቦልቻ ናት፤ ነጭ ፒክአፕ፣ ባለ ሁለት በር፣
ደላላው ጌጡ «የሐኪም ናት፣ ገጠር አታውቅም» ይል ነበር፤
እኔ ግን ከኋላ ሄጄ፣ የጭነቱን ላስቲክ ገልጬ፣
ከሰልና የበግ ጠጉር አወጣሁ በጣቴ ቆንጥጬ።
«ሐኪሙ የበግ ነው?» ብዬ ሳልጨርስ፣ ጌጡ ቀልዱን ናቀ፤
ይማም መሪውን ጨብጦ፣ አጠገቤ ሆኖ ራቀ።

በሐረጎ ጠመዝማዛ ስንወጣ ለሙከራ፣
ታች ኮምቦልቻ ጠበበች፣ ቆርቆሮዋ እያበራ፤
በሦስተኛ ማርሽ አጉረመረመች፣ በሁለተኛ ዝም አለች፣
እኔም ዝም። አንዲት ሐሳብ ግን ከመሃላችን ተቀመጠች፦
ይህ ሰው አፉን አሹሎ ሲያፏጭ ከሰማሁ ስንት ዓመት ሆነ?
ከሽንኩርት ጆንያ ሥር ጎብጦ፣ ፉጨቱ የት ተደፈነ?

ማታ ደብተሬን ዘረጋሁ፤ ኢክራም ስልኳን አወጣች፣
አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ ለማንም አልወገነች።
ለመኪና ኪራይ በወር፣ አርባ ሁለት ሺህ ይሄዳል፤
ሽንኩርት ረክሶም ተወዶም፣ ባለመኪናው ይበላል።
ይህ የይማም እውነት ነው፤ ሁለት ጊዜ አሰምሬበታለሁ፤
ከሥሩ ደግሞ የእኔ አለ፣ ሌሊት ነቅቼበታለሁ።
ለባንኩ ሠላሳ ስምንት (ከወለድ ነጻ ነው አሉን፣
ወለድ የሚባል የለም፣ «ትርፍ» ነው ብለው አጽናኑን)፤
ናፍጣ፣ ቀን የሚፈጅ ሰልፉ፣ ጎማ፣ ቦሎ፣ ኢንሹራንስ፣
«ሌላ?» አለች። «የሚሰበር» አልኳት፣ «ስሙን እንጽፋለን ሲደርስ»።
ደመረች። ቀነሰች። ደግማ ደመረች።
አሥራ ሦስት ሺህ ትጎድላለች።
በየወሩ።
አርባ ስምንት ወር።

አሥራ ሦስት ሺህ ምንድን ነው? በከተማ አፍ ምንም አይደል፤
በእኛ ቤት ግን ስም አለው፤ ሲጠሩት አቤት ይላል።
የአማቴ የጉልበት መርፌ ነው፤ የኢክራም ትምህርት ቤት ክፍያ፤
ክረምት ለሚያፈሰው ጣራ፣ የሳፋችን ማሳረፊያ።

ይማም ሰማን። አልተቆጣም። «ኪራይ» አለ፣ «እስከ መቼ?
ሃያ ዓመት በሰው ጎማ፣ በገዛ ሽንኩርቴ ላይ ተቀምጬ?
ባለፈው ሾፌሩ ቀርቶ፣ ሰኞ ገበያ ሲያመልጠኝ፣
ቲማቲሙ እያለቀሰ፣ ማን መጣ? ማንስ አዘነልኝ?»
መልስ የለኝም። እውነት አለው። እኔም አለኝ። ሁለት እውነት፣
በአንድ ፍራሽ ላይ ተኝተው፣ ጀርባ የተሰጣጡበት ሌሊት።

ጠዋት ሱሪውን ላጥብ ስል፣ ሲባጎውን ኪሱ አገኘሁት፣
ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ፣ በክንዴ ደግሜ ለካሁት።
ኮምቦልቻ ይማም ሞተር ሲያደምጥ፣ ጌጡ ሲምል ሲገዘት፣
እኔም ወርዷን በሻሼ ጫፍ ለክቻት ነበር፣ በስርቆት።
በሩ በአንድ ስንዝር ይጠባል።
ወይ ምሰሶው ይፈርሳል፣ ወይ የኮክ ዛፏ ትቆረጣለች፣
ኢክራም የተወለደች ዓመት የተከልናት፣ ዘንድሮ ገና ያፈራች።

ሲባጎውን አልጣልኩትም።
ወደ ኪሱ ከመመለሴ በፊት ግን፣ አንዱን ቋጠሮ ፈታሁ፣
ስንዝር አርቄ አሰርኩት።
በሩን ይሁን ባሌን ያሰፋሁት፣ እኔም ገና አላወቅሁ።

ሰኞ ጌጡ ይደውላል።