ከራሚ

ኩልዲጋ ከተማ፣ ቅዳሜ ማለዳ፣
ከግንቡ ጥላ ሥር ያልቀለጠ በረዶ፣ ሂድ የማይሉት እንግዳ።
ቬንታ ወንዝ ሞልቷል፤ ዓሣው ሽቅብ ይዘላል፣
አንድ ሕፃን ድልድዩ ላይ ቆሞ ይቆጥራል።
እኔ ጠረጴዛዬን ከፍዬ ለሁለት፣
በግራ ያንድ ሰሞኖቹ፦ ዛሬ ደምቀው መኸር የሚቀጩት፤
በቀኝ ከራሚዎቹ፦ ጭራሮ የመሰሉ፣
በላስቲክ ተጠቅልለው "ከርሞ፣ ከርሞ" የሚሉ።

ገዢ ሁሉ ወደ ግራ ነው። ቀለሙ ያለው እዚያ ነው።
ጭራሮ በገንዘቡ ማን ይገዛል? ደግሞስ ለምኑ ነው?

ቬልታ መጡ። ጥቁር ሻርፕ፣ የጎማ ጫማ፣
ምርኩዛቸው ጭቃውን እየበሳ፣ ሳያቅማማ።
ብጣሽ ወረቀት አወጡ፣ በርምጃ የለኩትን፣
ከውሃ ጉድጓዱ እስካጥሩ ያለውን፦
"ዐሥራ አራት ርምጃ ነው። በኔ ርምጃ። ባንተ ዘጠኝ።
አርቪድስ ጋራዥ ሠርቶበት፣ አርባ ዓመት ፀሐይ የከለለኝ።
እናቴ የተከለችውን ሊላክ ከሥሩ ነቅሎ፣
'መኪና ጥላ ይሻል፣ አበባ ምን ይሠራል' ብሎ።
መኪናው ተሸጠ። እሱም በጥቅምት ሄደ።
ጋራዡን ልጄ አፈረሰው፤ መሬቱ ብርሃን ለመደ።
አሁን ባዶ ነው። ባዶ መሬት ደግሞ አያስተኛም።
የሚሆነውን ስጠኝ፤ ዋጋ አልከራከርህም።"

ፎርሲቲያ አሳየሁ፦ ቅጠል ሳያወጣ በቢጫ የሚነድ።
"ይጮሃል" አሉ፣ "እንደ ጎረቤቴ ውሻ፤ ይሂድ።"
ሆርቴንዚያ አልኩ። "እሱማ ሲጠጣ ነው የሚውለው፤
ጠጪ አንዴ አግብቻለሁ፤ ባልዲውን የሚሸከም ማን ነው?"
ጽጌረዳ ስል እጃቸውን አሳዩኝ፣
የቆዳውን ስስነት፤ ሌላ አልነገሩኝ።

ከዚያ ጎንበስ ብለው ከሳጥኑ አነሡ
የፒዮኒ ሥር፣ የድንች ዘመድ፣ ቀያይ ዓይኖቹ የፈጠጡ።
"ይህስ?"
"ነጭ ነው" አልኩ፣ "እንደ ሳህን የሚሰፋ፣
ከዝናብ በኋላ ክብደቱን መሸከም አቅቶት የሚደፋ..."
ቀጣዩ ቃል ጉሮሮዬ ላይ ቀረ፦
ፒዮኒ ሦስት ዓመት ይተኛል፤ ካበበም በአራተኛው ነበረ።
ቬልታ ሰማንያ አንድ ሞልቷቸዋል፤ እናቴ ነግራኛለች።
እጄ ሳላዛት ወደ ግራ፣ ወደ ፓንዚዎቹ ሄደች፦
"እነዚህ እኮ ዛሬውኑ..."

እጄን አዩ። እኔን አዩ።

"ኢንዱሊስ፣ ሂሳብ ጎበዝ ነበርክ ትምህርት ቤት፤
የኔን ቁጥር ለኔ ተውልኝ። ይልቅ ንገረኝ ጥልቀት።"

"ሁለት ጣት" አልኩ አፍሬ፣ "ከዓይኑ በላይ ሁለት ጣት አፈር።
ጠልቆ ከተቀበረ ቅጠል ብቻ ነው፣ አያብብም ዕድሜውን ሲኖር።"
ሁለት ጣታቸውን አየር ላይ ለኩ፣ አጠጋግተው።
"አርቪድስን በጣም አጥልቀነዋል" አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።
ሳቁ ብዬ ቀና ስል፣
አልሳቁም።

ሊላኩን መጨረሻ ጠየቁ፣ ዓይናቸውን ወንዙ ላይ ጥለው፦
"ወይን ጠጁን አይደለም። ያን ደብዛዛውን ነው፣
ሲመሽ ሰማያዊ፣ ሲነጋ አመድ የሚመስለው፣
እናቴ ደጅ ብቻ የነበረው።"
ያ ዓይነት የለኝም። ምናልባት ማንም የለውም።
ያለኝ አንድ ዘንግ ነው፣ ስሙ የተፋቀ፣ ቀለሙን አላውቅም።
"ሳያብብ አይታወቅም" አልኩ። "ለከርሞ ያዩታል።"
(ሊላክም ይቆያል፤ ግን ሂሳብ አንዳንዴ ይረሳል።)

"ከርሞ" አሉ፣ ቃሉን እንደ ሳንቲም ገልብጠው።
መልሱን ስቆጥር እጄን በእጃቸው ከደኑት፣ ዘግተው፦
"አንተ ጋ ይቆይ፤ ከርሞ ለማዳበሪያ እመጣለሁ።"

በጡቡ ድልድይ ላይ ሲሄዱ አይቻለሁ።
ሕፃኑ አሁንም ይቆጥራል፤ ዓሦቹ ይዘላሉ።
ሥሩ በኪስ፣ በሁለት እጅ ሁለት ደረቅ ዱላ፣
አንዱ ምርኩዝ፣ አንዱ ሊላክ፣ አንዱ ፊት አንዱ ኋላ፤
ከሩቅ ሲያዩት አይለይም፣
የቱ እንደሚደግፋቸው፣
የቱ እንደሚያብብላቸው።