አሥራ አንደኛው መስመር

ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ሰኔ ሲጋመስ፣
ፀሐይ እምቢ ትላለች ወደ ቤት ልትመለስ፤
እኛ ሐይቅ ዳር፣ ከፊንላንድ ሰሜን ጫፍ፣
ሌሊት ስሙ ብቻ ነው፤ ወፍ አይተኛም ከዛፍ።

አሮጊቷ ሂልካ፣ ድሮ ጀልባ ነጂ የነበረች፣
ከጀልባ ቤቷ በር አንድ ወረቀት ለጠፈች።
በሰማያዊ ቀለም፣ በተንጋደደ ጽሕፈት፣
አሥራ አንድ ፈተና፣ ለበጋ ዕረፍት።
«ሁሉን የጨረሰ ምን ያገኛል?» ብንላት፣
«ይደክመዋል!» አለችን፣ ሳቋ እየቀደማት።

የእኔ ግራ እግር ያኔ በጄሶ ተጠቅልሎ፣
ከብስክሌት ጋር ተጣልቶ፣ ተሸንፎ፣ ቆስሎ፣
«ሰዓት ያዥ ነህ» አሉኝ፣ ፊሽካ አሸከሙኝ፣
ጉቶ ላይ እንደ ዳኛ ጎልተው አስቀመጡኝ።
ክብር ነው ይላል ዳኝነትን፣ ተቀምጦ ያላየ ሰው፤
ከመላ አካላቴ የሚሮጠው አውራ ጣቴ ብቻ ነው።

አንደኛው፦ ሙሉ ባልዲ ይዞ ጎተራውን መዞር፣
አንዲት ጠብታ እንኳ ሳያስቀምሱ ለምድር።
ኤስኮና ቬይኮ፣ መንትዮቹ፣ ባልዲውን ሲነጣጠቁ፣
ጎተራውን ሳይዞሩ እነሱው ታጥበው ደረቁ።
ሦስተኛው፦ በወደቀ ጥድ ላይ ዓይን ጨፍኖ መሄድ፣
ክንድ እንደ ክንፍ ተዘርግቶ፣ ከሥር እስከ ጫፍ፣ በግንድ።
ኬርቱ ጀመረች፣ ምላሷን ለትኩረት አውጥታ፤
ግንዱ አለቀ፤ እሷ ቀጠለች፤ ቁጥቋጦ ውስጥ ተገኘች፣ ተዘርግታ።

ስድስተኛው ግን ሌላ ነው፤ ከጥቁሩ አለት አናት
ወደ ሐይቁ መዝለል፣ አፍንጫ ይዞ፣ ያላንዳች ማመንታት።
ኢልማ፣ የሰባት ዓመቷ፣ አራት ቀን ወጣች፣ አራት ቀን ወረደች፤
ውኃውን አየችው፤ ውኃውም አያት፤ ጉልበቷን አቅፋ ተመለሰች።
ማንም አልሳቀባትም። ሂልካ ከማዶ መረብ ስትጠግን፣
«አለቱ የትም አይሄድ» አለች፣ «ነገም እዚሁ ነን።»

በአምስተኛው ቀን፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት፣
ፀሐይ ጥዶቹ መሐል ተቀርቅራ ስታያት፣
ጩኸት ሰማሁ፤ ከዚያ ጸጥታ፤ ከዚያ የውኃ ጥፊ።
ብቅ አለች፤ የፊት ጥርስ የሌለው ሳቋ፣ እንደ ሐይቁ ሰፊ።
እኔ ሰዓቱን መጫን ረሳሁ። «አየር ላይ ስንት ቆየሁ?» አለች፤
«ዘጠኝ ሰኮንድ» ብዬ ዋሸሁ። ዛሬም ለሰው ሁሉ ታወራለች።

ሐምሌ ሲገባ ዘነበ፤ ሦስት ቀን ሦስት ሌሊት ጣለ፣
ወጥተን ስናይ የወረቀቱ ቀለም ቁልቁል ኮበለለ።
አሥሩ በግድም ቢሆን ይነበባል፤ አሥራ አንደኛው መስመር
ሰማያዊ ኩሬ ሆኗል፣ ፊደል የሌለው ምስጢር።
«ዛፍ መውጣት ነው የሚለው፣ ይኸውልህ!» አለ ኤስኮ፤
«አይደለም! በእጅ መሄድ ነው፣ አንብበው!» አለ ቬይኮ።
ሂልካን ብንጠይቃት ትከሻዋን ሰበቀች፤
«እኔ እንጃ፣ ረስቼዋለሁ» አለች፤ መረቧን ቀጠለች።
ኢልማ ማንበብ ገና ስትማር ናት፤ አፍንጫዋን አስጠጋች፣
ጣቷን በሌለ ፊደል ላይ ቀስ እያለች ጎተተች፦
«ሰዓት... ያዡን... ተሸክሞ... ኮረብታ... ማውጣት!» አለች።

የድንች ጋሪ መጣ፣ ባለ አንድ ጎማ፣ የሚያቃስት።
ከፊት ኬርቱ በገመድ፣ መንትዮቹ ከኋላ ገፊ፣
ኢልማ ከአንገቴ ነጥቃ የፊሽካዬ ነፊ።
«ግራ! ቀኝ! ሥር አለ! ድንጋይ!» ዳገቱ አላልቅ አለ፣
ሁለቴ ተገለበጥን፤ ጄሶዬ በዱር እንጆሪ ተኳለ።
አናቱ ላይ ስንደርስ አራቱም ሣር ላይ ተዘረሩ፣
ደረታቸው ከፍ ዝቅ ሲል፣ ደመና እየቆጠሩ።
እኔ ተቀምጬ መጥቼ ላቤ ለምን ይንቆረቆራል?
ሲገለበጡ መሳቅ፣ ለካ እሱም ያደክማል።

ማግስቱን በወረቀቱ ላይ፣ ከሰማያዊው ኩሬ ጎን፣
አንድ ራይት ተጭሮ አገኘን። ማን እንደጫረው አልጠየቅን።

ነሐሴ ላይ ጄሶው ተሰበረ፤ እግሬ ወጣ፣ ቀጥኖ፣ ነጥቶ፣
ጓዳ ውስጥ እንደ በቀለ ቡቃያ፣ ብርሃን አጥቶ።
የመጨረሻውን አስቀድሜ ጨረስኩ፤ ገና አሥሩ ይቀራል።
ባልዲ ሞልቼ አነከስኩ፤ ጎተራው ጋ ሳልደርስ ጫማዬ ውኃ ሞልቷል።