ሳር የሌለው መስክ

ቼሆቺኔክ ማለዳ፣ ጭጋጉ ሳይገፈፍ፣
የጨው ውሃ ይወርዳል ከእሾህ ግንብ አፋፍ፤
ሳንባ ያስቸገራቸው በሥሩ ይሄዳሉ፣
አጥንት ያስቸገራቸው ወደ እኔ ይመጣሉ።

ምድር ቤት ነው ክፍሌ፣ መስኮቱ አንድ ለናቱ፣
ሽቅብ ሲያዩ የሚታይ ያላፊ አግዳሚው ባቱ።
አራት አልጋ አለኝ፣ አራት ነጭ ቀለበት፣
መዳብ ውጦ የተኛ፣ ሰው የሚገባበት።
ሥራዬ ቀላል ነው፦ ማስተኛት፣ መጫን ቁልፍ፣
ሃያ ደቂቃ ቆጥሮ ቀጣዩን ማሰለፍ።
አስቀድሜ ግን እጠይቃለሁ፣ እንደ ንስሐ አባት፦
«ልብዎ ላይ ባትሪ አለ? ሰውነትዎ ውስጥስ ብረት?»

ፓን ቦግሚል ከሲሌዥያ፣ ጡረተኛ ከሰል ቆፋሪ፣
ጉልበቱ እንደ አሮጌ በር ሳይነኩት ተናጋሪ፣
«ብረት የለኝም» አለኝ፣ «ከሰል ነው የሞላኝ፤
ማግኔትህ ሳይሆን ክብሪት ነው የሚያሰጋኝ።»
ስቄ አስተኛሁት። ቀለበቱ አጉረመረመ፣
እንደ ጎረቤት ፍሪጅ። ሰውዬው ተኛ፣ አለመ።

መስክ ይሉታል ይህንን። እኔ የማውቀው መስክ
ሳር አለው፣ ጤዛ አለው፣ በሬ ይለቀቅበታል።
ይህኛው አይታይም፣ አይሸትም፣ አይረገጥም፤
አጥንት ብቻ ነው አሉ
ገብቶ የሚግጥበት።

ዶክተር ቪቶልድ ግን፣ መነጽሩን እየጠረገ፣
«ማስረጃው ስስ ነው» ይላል፤
«አንዱ ጥናት አዎ ሲል ሌላው አፈገፈገ።»
«ታዲያ ለምን ያዛሉ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ስለማይጎዳ» አለ፤
«ደግሞስ ሰው ሃያ ደቂቃ ዝም ብሎ የሚተኛበት
ከዚህ ሌላ የት አለ?»

ፓኒ ጌኖቬፋ መጣች በሰኞ ዕለት፣
ቶሩን ላይ ትራም የነዳች ሠላሳ ዓመት፤
በረዶ አዳልጧት ከገዛ ደጇ ላይ
የግራ አንጓዋ ተሰብሮ፣ ጣቶቿ አብጠው የሌላ ሰው እጅ መሳይ።
ብረት እንዳለ ብጠይቃት ቀለበቷን አሳየችኝ፣
ባሏ ሲሞት ከቀኝ ወደ ግራ ያሻገረችውን። «አይወልቅም» አለችኝ።
«ግድ የለም» አልኳት፣ «ማግኔት ወርቅ አይስብም።»
«አርባ ሁለት ዓመት እኔን የሳበኝስ?
እሱ አይቆጠርም?»

ሦስት ሳምንት ተመላለሰች።
በመጨረሻው ዐርብ፣ ቦግሚልን ሳነሣ፣ ወገቤ ቀጭ አለ፤
ግድግዳ ይዤ ቀረሁ፣ ላቤ እንደ ጨው ግንቡ ጠብ ጠብ አለ።
ቦግሚል ሳያይ ወጣ። እሷ ብቻ ነበረች።
«ተኛ!» አለችኝ፤ ተሳፋሪ የትራሟን በር ሲይዝባት
እንደምትቆጣው ሆነች።
«ልብህ ላይ ባትሪ አለ? ሰውነትህ ውስጥስ ብረት?»
«የለም» አልኩ። ለካ እንዲህ ያስፈራል
የራስን ጥያቄ ተጋድመው ሲሰሙት።

ቁልፉን ተጫነች፣ በዚያችው በግራ እጇ።
ጣሪያውን አየሁ። ስድስት ዓመት ሠርቼ እዚህ ክፍል
አንዴም ያላየሁት ስንጥቅ አለ፣
ወንዝ መሳይ፣ ሁለት ቦታ የሚከፈል።

«ምን ይሰማሃል?»
«ምንም።»
«እኔም ምንም» አለች፣ «እስከ ትናንት ማታ።
ትናንት የኪያር ጠርሙስ ከፈትኩ፣ በዚህች እጄ፣ ያለማንም እርዳታ።»
«ማሽኑ ነው?»
«እኔ ምን አውቄ። ጊዜውም ይሆናል፣ ጨዋማው አየርም፤
አንተም ትሆናለህ፤ በየጧቱ ‹ዛሬስ እንዴት አደሩ› ሳትለኝ አትቀርም።»

ከቀለበቱ ውስጥ ሆኜ ነገርኳት፦
«በኔ ቋንቋ ከማግኔት አንድ ፊደል ቢቀይሩ
ማግኘት ይሆናል።»
«ምን ማግኘት?» አለች።
መልስ ሳልፈልግላት ማሽኑ ጢጥ አለ፤
ሃያው ደቂቃ አለቀ።

ተነሣሁ። ወገቤ እንዳመመው ነው።
ጠርሙሱን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ሁለት ኪያር ቀርቶታል።
አንዱን ለኔ ሰጠችኝ።
ጨው ጨው ይላል።