የእጅ ልክ

ሮስኮ ከላዬ ነው፣ ከብረቱ አልጋ ጫፍ፣
ሲገላበጥ እሰማለሁ ሌሊቱ እስኪያልፍ።
ሉዊዚያና፣ ረግረጉ ዳር፣ ሦስተኛው ሕንጻ ውስጥ፣
ስድስት ጫማ በዘጠኝ ነው ዓለማችን በቁርጥ።
እኔ ኤልዊን ነኝ፣ አናጢ፣ ሜትር ይዤ ያረጀሁ፤
ሜትሬን በር ላይ ቢቀሙኝ በዓይኔ መለካት ለመድሁ።

ልጁ ኦዴሳ ትባላለች።
በየልደቷ ግራ እጇን ወረቀት ላይ ትዘረጋለች፣
ዙሪያውን በእርሳስ ከባ ጣት በጣት ትስላለች፣
«አባዬ፣ አድጌያለሁ፣ ለካኝ» ብላ ትልካለች።

አራት ዓመት እጇን ላከች፣ እጁን ለሰጠ ሰው፤
እሱም መዳፉን ጭኖ በሌሊት ሊዳብሰው።
እናቷ ሽሪምፕ ትልጣለች ወደቡ ዳር ካለ ቤት፤
ወረቀቱ ባሕር ባሕር ይሸት ነበር የዚያን ሰዓት።
በጀርባው ሲነኩት እርሳሱ ጠልቆ የሄደበት ያብጣል፣
አንዳንዴም የኮክ ማርማላታ ከጥግ ላይ ይጣበቃል።

አምና በበጋ ግን ማስታወቂያ ተለጠፈ።
ከዚያ ወዲህ አንድም ፖስታ በዚህ በር አላለፈ።
ሌላ ግዛት ነው የሚሄደው፤ ኩባንያ ይከፍተዋል፣
አንዱ ማሽን ያነሣዋል፣ ሌላው ማሽን ይበላዋል፤
ቅጂው ብቻ ወደኛ። አቤት ማያ አንድ ስልክ ቁጥር፣
ለውጭ ሰው ብቻ የሚሠራ፣ ሙዚቃ እያሰማ የሚያሳድር።

የሰባተኛው ዓመት እጅ፣ መጋቢት ላይ ተልኮ፣
ሰኔ ሲጋመስ መጣ፤ ተቀበለው ሮስኮ።
ግራጫ ነው። ሽታ የለው። ጀርባው ልስልስ፣ ጭረት አልባ።
ዳሩ ላይ ቁጥር ታትሟል፣ እንደተያዘ ሌባ።

መዳፉን አኖረበት። አነሣ። ደግሞ አኖረ።
አምና ከሁለተኛው አንጓ የደረሰ ጣት፣ ዘንድሮ ከሥሩ ቀረ።
«ኤልዊን፣» አለኝ ቁልቁል፣ «ልጄ አነሰችብኝ።
ታማ ይሆን? ርቧት ይሆን? የደበቁኝ ነገር አለ መሰለኝ።»

እጅ ማጠር ለቤቱ እንግዳ አይደለም፤ ኪራይ አድሮ፣ መብራት ጠፍቶ፤
እንዲህ በኢንች የሚያጥር እጅ ግን የት ታይቶ!

ከብርድ ልብሴ ጫፍ አንድ ክር መዘዝሁ፣
የአምናውን የደብተር ገጽ መስመር ከመስመር ለካሁ፣
የዘንድሮውንም። ደገምሁ። ከዚያ ብቻዬን ሳቅሁ፦
«ሮስኮ፣ ልጅህ አላነሰችም፤ መስመሩም አብሯት አንሷል።
ማሽኑ ነው። አራት የነበረው ሦስት ሆኖ ደርሷል።»

እሱ አልሳቀም። «እንግዲያው መልሰህ ሥራልኝ» አለ።

በሱቅ ማዘዣ ቅጽ ጀርባ፣ ክሬን በልኩ አጥፌ፣
ለየጣቱ ሲሶ እየጨመርሁ፣ እንደ በር መቃን አሳርፌ፣
እጇን አቆምሁት። አውራ ጣቷን ሁለቴ አጠፋሁ፤
ጣት እንደ ጣውላ አይደለም፣ መገጣጠሚያው ላይ ተቸገርሁ።

መዳፉን ጫነ። ከአምናው አንድ ጥፍር አልፎ ተገኘ።
«አድጋለች» አለ። አልጋው ሌሊቱን ሙሉ ዝም ብሎ ተኛ።
ንጋት ላይ ግን ወረቀቱን ወደኔ አወረደው፦
«ልኩስ የእሷ ነው፣ ኤልዊን። እጁ ግን ያንተ ነው።»

ምን እላለሁ? እውነት ነው።

ሐምሌ ላይ ጻፈላት፤ አንድ ነገር ብቻ ለመናት፦
«በሚቀጥለው ከእጅሽ ጎን ሳንቲም አኑሪና ክበቢያት።»
ሳንቲም እዚህ አይገባም፤
ስፋቷን ግን የኔ አውራ ጣት እስኪሞት አይረሳም።

መስከረም ነው። ጋሪው መጣ፣ አንዱ ጎማ እየጮኸ።
«ቲብዶ?» ይላል ሮስኮ፣ የራሱን ስም እየጠየቀ።
ጠባቂው ቅጂዎቹን ያገላብጣል፣ አውራ ጣቱን እየላሰ፣
ይመለከታል ወደኛ፤
ደግሞ ከመጀመሪያው ይጀምራል።