ነጥቦቹን ስቆጥር

መርሳ፣ ማክሰኞ ጧት፣ ገበያው ሳይሞላ፣
መዋዕለ ሕፃናት፣ ከማንጎው ዛፍ ኋላ፣
ልጆች ተሰልፈው ምላስ ያወጣሉ፤
የያዝኩትን ስንጥር «ከረሜላ!» ይላሉ።
«ይጣፍጣል?» አለችኝ ጦይባ፣ የአራት ዓመቷ፤
ጥቁር መስመር ይዟል የፊተኛው ጥርሷ።
«አይጣፍጥም» አልኳት። «ታዲያ ለምን?» አለች፤
መልሴን ሳትጠብቅ ምላሷን ዘረጋች።

ሥራዬ ይኸው ነው፤
ሰው ማር ይቆርጣል፣ ሰው ብርቱካን ይለቅማል፣
የኔ እጅ ከሕፃን አፍ ምራቅ ይቀዳል።
በየብልቃጡ ላይ ስም እጽፋለሁ፦
ጦይባ ይመር፤ አበጋዝ መኩሪያው፤
ኢልሃም፤ ሌላም ኢልሃም፣
«ባለቀይ ሹራቧ» ብዬ የለየኋት።
አንዷን የአባቷን ስም ብጠይቃት
«አባዬ» አለችኝ፤
እንዳለችው ጻፍኩት።

ሁለት ቀን ይፈልጋል፣ የሰውነት ሙቀት፣
የማይታየው ፍጥረት እስኪገለጥበት።
ማሞቂያው ሣጥን ግን መብራት ይጠብቃል፤
መብራቱም ረቡዕ ማታ እንደ ልማዱ ሄዷል።
ምን ላድርግ? ብልቃጦቹን በፎጣ ጠቅልዬ
አብሬያቸው ተኛሁ ሙቀት አካፍዬ፤
እንዳይሰበሩ ብዬ ሳልገላበጥ ነጋ፣
ጥርስ የሚበላን ዘር አቅፌ ስተጋ።

ሐሙስ ጧት ቆጠርኩ። የአበጋዝ ንጹሕ ነው።
የባለቀይ ሹራቧ ጥቂት፤ የ«አባዬ» ልጅ ጥቂት።
የጦይባን ባነሣው፣ ጤፍ የፈሰሰበት፣
ሰማያዊ ነጥብ በነጥብ ላይ፣
ጣት ማሳረፊያ የሌለበት።

እናቷ ሉባባ፣ መናኸሪያ በር ላይ ሸንኮራ የምትሸጠው፣
ትንሹን አዝላ፣ አጥሚት በፔርሙስ ይዛ መጣች።
«ከየት መጣባት? ሸንኮራው ነው? ዓይን ነው?
ወይስ ያኔ ግጓ ስላልተቧጠጠ ነው?»
«አብሽሪ» አልኳት።
ነገር ከሥሩ ይላሉ፤ ሥሩ ምላሴ ላይ ነበር።
ልናገር ስል ልጇን ከጀርባዋ አወረደች፣
ማንኪያውን ሞላች፣ እፍ አለችበት፣
ቀመሰች፣ አሁንም እፍ አለች፣
በዚያው ማንኪያ አጎረሰችው።
ያ ሁሉ ሰማያዊ ነጥብ የመጣበትን መንገድ
ቁጭ ብዬ አየሁት፤
ርዝመቱ አንድ ማንኪያ።
እንዴት ብዬ ልንገራት?
ፍቅርሽ ነው ልበላት?

«እስቲ አንቺም አፍሽን ክፈቺ» አልኳት።
ሳቀች፣ በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና።
እኔ ዓይነ አፋርነት መስሎኝ ነበር።
ሦስቱ መንጋጋዎች ሥራቸው ብቻ ቀርቷል።
«አንዱ በጦይባ ጊዜ» አለች፣ «አንዱ በዚህኛው፣
አንዱ ባልቆየው።»

ስለ ብሩሹ ነገርኳት፣ ከመኝታ በፊት
ከውሃ በቀር ምንም እንዳይቀመስ ነገርኳት።
ከዚያ፣ ዝቅ ብዬ፣ ስለ ማንኪያው።
ዝም አለች። ከዚያ፦
«ሳልቀምስለት ቢያቃጥለውስ?»
«ከእጅሽ አንጓ ላይ ጠብ አድርጊና እይው።»

ጠብ አደረገች። ጠበቀች።
ከንፈሯ ግን፣ እንደ ለመደው፣
ወደ ማንኪያው ሄደ፤
መንገድ ላይ
ተመለሰ።